ለትንሹ የመሬት ንዝረት የምንሰጠው ግምት

መስከረም 26 ቀን 2017 ዓ.ም. ከምሽቱ ሁለት ሰዓት አለፍ ሲል በአዲስ አበባ የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች የሚኖሩ በርካታ ሰዎች ያልጠበቁት ነገር ገጠማቸው። የተንጠለጠለ አምፖል ተወዛወዘ፤ በመደርደሪያ ላይ የነበረ ብርጭቆ ተንቀጫቀጨ፤ አልጋና ወንበር ከሥር የተገፉ ያህል ተንቀሳቀሱ። በላይኛው ፎቅ የነበሩት ልጆቻቸውን አቅፈው በደረጃ ሲወርዱ፣ በምድር ቤት የነበሩ ጎረቤቶቻቸው የሩጫውን ምክንያት ይጠይቁ ነበር። የንዝረቱ መነሻ በአፋር ክልል የአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ ሲሆን፣ መጠኑም በሬክተር መለኪያ 4.9 መሆኑ ተገልጿል።

ከአዋሽ ፈንታሌ በአየር መስመር ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ በሚርቁት ፍኖተ ሰላምና ቡሬ፣ እንዲሁም በምዕራብ ጎጃም ገጠሮች ወሬው በአመዛኙ የተሰማው በስልክና በመገናኛ ብዙኃን ነበር። በአዲስ አበባ ተማሪ ልጅ፣ ሠራተኛ ወይም ነጋዴ ዘመድ የሌለው ቤተሰብ በአካባቢው ጥቂት በመሆኑ፣ በቅድሚያ የሚጠየቀው የዘመድ ደህንነት ነው። ይህ ከታወቀ በኋላ ግን ጉዳዩ የሩቅ አገር ጉዳይ ሆኖ ይቀራል።

ስለ አነስተኛ የመሬት ንዝረት ያለው አመለካከት ከቦታ ቦታ እንደሚለያይ ከዚህ መረዳት ይቻላል። በስምጥ ሸለቆ ዳርቻ የሚኖረው «ለምደነዋል» ይላል። በከተማ ፎቅ ላይ የሚኖረው ይደነግጣል። ከስምጥ ሸለቆው ርቆ በደጋው የሚኖረው ደግሞ «የእኛ አይደለም» ብሎ ያልፈዋል። ሦስቱም አመለካከቶች ከኑሮ ልምድ የመነጩ በመሆናቸው የየራሳቸው ምክንያት አላቸው። ሦስቱም ግን ዋናውን ጥያቄ፣ ማለትም ምድር ስትንቀጠቀጥ የምንኖርበት ቤት ምን ይሆናል የሚለውን ወደ ጎን ይተዉታል።

የ2017ቱ ንዝረት ምን ነበር?

የኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ የምድር ቅርፊት ከሚሰነጠቅባቸው የዓለም አካባቢዎች አንዱ ነው። የአፍሪካ ምሥራቃዊ ክፍል ከተቀረው አህጉር በዓመት በሚሊ ሜትሮች በሚለካ ፍጥነት እየተላቀቀ ይገኛል። ይህ እንቅስቃሴ በዓይን የሚታይ ባይሆንም በዓለቱ ውስጥ ውጥረት ያጠራቅማል። ዓለቱ ውጥረቱን መሸከም ሲያቅተው በድንገት ይሰበራል፤ ስብራቱ የሚፈጥረው ሞገድም የመሬት መንቀጥቀጥ ሆኖ ይሰማል።

በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች መካከል የተከሰተው ግን ከተራ የዓለት ስብራት የሚለይ ነበር። ከጥልቀት የተነሣ የቀለጠ ዓለት በስንጥቅ ውስጥ ገብቶ መሬቱን ወደ ሁለት እየገፋ በመጓዙ፣ ንዝረቱ አንድ ጊዜ ደርሶ የሚያበቃ አልሆነም። በመስከረም ወር የተጀመረው እንቅስቃሴ ጥቂት ጋብ ካለ በኋላ በታኅሣሥ ወር በርትቶ ተመለሰ። ታኅሣሥ 26 ቀን ከ5.5 በላይ፣ የካቲት 7 ቀን ምሽት ደግሞ ወደ 6.0 የሚጠጋ መጠን ያለው ንዝረት ደረሰ። በዶፈን አካባቢ ከመሬት እንፋሎትና ጭቃ ሲወጣ ታይቷል። በሳቡሬና በአካባቢው ቤቶች ተሰነጠቁ፤ ፈረሱም። መንግሥትም በአፋርና በኦሮሚያ ክልሎች ለአደጋው በተጋለጡ ቀበሌዎች የሚኖሩ ከ80 ሺህ በላይ ሰዎችን ጉዳይ በማንሳት ነዋሪዎችን ወደ ሌላ ሥፍራ የማዛወር ሥራ መጀመሩን በታኅሣሥ መጨረሻ አስታውቋል።

ተመሳሳይ ክስተት በመስከረም 1998 ዓ.ም. በአፋር ክልል በዳባሁ አካባቢ መድረሱ ይታወሳል። በዚያን ጊዜ 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው የምድር ክፍል በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ተሰንጥቆ፣ በአንዳንድ ሥፍራ እስከ 8 ሜትር ተራርቋል። ቦታው ሰው በብዛት የማይኖርበት በመሆኑ የደረሰው ጉዳት ከክስተቱ ግዝፈት ጋር ሲነጻጸር ዝቅተኛ ነበር። የአዋሽ ፈንታሌው ግን ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ ለሚወስደው መንገድና ባቡር፣ ለከሰም ግድብ፣ እንዲሁም ለከተሞች ቅርብ በመሆኑ ስጋቱም የዚያኑ ያህል ከፍ ያለ ሆኗል።

«ለምደነዋል»

በአማራ ክልል ከስምጥ ሸለቆ ዳርቻ የሚገኙት የሰሜን ሸዋ፣ የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞንና የደቡብ ወሎ ቆላማ አካባቢዎች ለመሬት ንዝረት እንግዳ አይደሉም። ከደብረ ሲና ቁልቁል ወደ ሸዋ ሮቢት፣ ከዚያም በአጣዬና በካራቆሬ አድርጎ ወደ ኮምቦልቻ የሚያመራው መንገድ በዚሁ የስምጥ ሸለቆ ግድግዳ ግርጌ የተዘረጋ ነው። በእንዲህ ያለ አካባቢ አልፎ አልፎ የሚሰማ ቀላል ንዝረት ከገበያ ወሬ አልፎ ብዙም አያነጋግርም። ሰው ሥራውን ለአፍታ ያቆማል፤ ያዳምጣል፤ ከዚያም ይቀጥላል።

እንዲህ ያለው መላመድ ጥቅም አለው። ድንጋጤን ያስወግዳል፤ ከመስኮት ዘልሎ ከመሰበር ያድናል። ይሁን እንጂ የአካባቢው የራሱ ታሪክ መላመድ ብቻውን በቂ እንዳልሆነ ይመሰክራል።

በግንቦት 1953 ዓ.ም. መጨረሻ በካራቆሬ አካባቢ ንዝረት ተጀመረ። ዋናው የደረሰው ግንቦት 24 ቀን ሲሆን፣ መጠኑ ከ6 በላይ ነበር። የማጀቴ ከተማ ወደመች፤ ሕዝቧም መጠለያ አጣ። በካራቆሬ ከቤቶቹ ግማሽ የሚጠጉት ፈረሱ። በወቅቱ አዲስ አበባን ከአስመራ ያገናኝ የነበረው አውራ ጎዳና በመሬት መንሸራተትና በስንጥቅ ተበላሸ። ንዝረቱም በዚያ ሳያበቃ ክረምቱን ሁሉ ሲመላለስ ቆየ። ክስተቱን ለመመዝገብ የተቻለው ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ቄስ ፒየር ጉዌን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ባቋቋሙት የጂኦፊዚክስ ማዕከል ነው። ማዕከሉ ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ፣ የጠፈር ሳይንስና የሥነ ፈለክ ተቋም በመባል ይታወቃል። ቄሱ በአገሪቱ የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ ላይ ያዘጋጁት ጥናታዊ መጽሐፍም እስከ ዛሬ ዋና ማጣቀሻ ሆኖ ያገለግላል።

ከካራቆሬው በኋላ ስምንት ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ መጋቢት 20 ቀን 1961 ዓ.ም. በአፋር የምትገኘው ሰርዶ የተባለች አነስተኛ ከተማ በመሬት መንቀጥቀጥ ፈርሳ የሰው ሕይወት ጠፍቷል። ወደ ኋላ ሲኬድም ነሐሴ 19 ቀን 1898 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በስተደቡብ በስምጥ ሸለቆው የሐይቆች አካባቢ የተነሣው ከባድ ንዝረት በዋና ከተማዋ ነዋሪ ዘንድ ድንጋጤ ፈጥሮ እንደነበር ተመዝግቧል። በነዚህ ክስተቶች መካከል ያለው ጊዜ ከአንድ ሰው ዕድሜ ጋር ሲመዛዘን ረጅም ነው። የካራቆሬውን ያየ ወጣት ዛሬ አዛውንት ሆኗል። «ለምደነዋል» የሚለው የአሁኑ ነዋሪ የለመደው ትንሹን እንጂ ትልቁን አይደለም።

ትንሹ ትልቁን ያስተነፍሰዋልን?

በብዙ አካባቢ የሚነገር አንድ አጽናኝ አስተሳሰብ አለ። ምድር በትንሽ በትንሹ ብትነዋወጥ ውስጧ የተጠራቀመው ኃይል ስለሚወጣ ትልቁ አይመጣም የሚል ነው። ሐሳቡ እንፋሎቱን በቀዳዳ እያስተነፈሰ የሚንተከተክ ድስት ስለሚያስታውስ በቀላሉ ተቀባይነት ያገኛል። በቁጥር ሲፈተሽ ግን አይጸናም።

በሬክተር መለኪያ የአንድ አሐዝ ልዩነት በኃይል ሲሰላ ወደ 32 እጥፍ ይደርሳል። የሁለት አሐዝ ልዩነት ሲሆን ደግሞ ወደ አንድ ሺህ እጥፍ ያድጋል። በመሆኑም መጠኑ 6 የሆነ አንድ ንዝረት የሚያወጣውን ኃይል ለማስተንፈስ መጠናቸው 4 የሆነ አንድ ሺህ ያህል ንዝረቶች ያስፈልጋሉ። መጠናቸው 3 የሆኑት ከ30 ሺህ በላይ መሆን ይኖርባቸዋል። በተፈጥሮ የሚታየው ትንንሾቹ ንዝረቶች ይህን ያህል በዝተው ትልቁን እንደማይተኩት ነው።

ይህ አጽናኝ ሐሳብ ያስከተለው ጉዳት በኢጣሊያ ላኩዊላ ከተማ ታይቷል። በ2001 ዓ.ም. ከተማዋ በተደጋጋሚ በቀላል ንዝረት ስትናወጥ ቆየች። የአካባቢው ሰው ከጥንት የወረሰው ልማድ ነበረው፤ ንዝረት ከተሰማ ሌሊቱን ከቤት ወጥቶ በአደባባይ ማሳለፍ። ከዋናው አደጋ ጥቂት ቀናት በፊት ግን አንድ የመንግሥት ኃላፊ፣ ኃይሉ እየወጣ በመሆኑ ሁኔታው ጥሩ ነው የሚል ትርጉም ያለው ማጽናኛ ሰጡ። መጋቢት 28 ቀን ሌሊት መጠኑ 6.3 የሆነ መንቀጥቀጥ ደርሶ ከ300 በላይ ሰዎች ሞቱ። ማጽናኛውን አምነው ቤታቸው ያደሩ እንደነበሩ በኋላ በተካሄደው የፍርድ ሂደት ተነግሯል። በጉዳዩ ተከሰው የነበሩት ስድስት የሳይንስ ሰዎች መጀመሪያ በ2005 ዓ.ም. ቢፈረድባቸውም፣ በ2007 ዓ.ም. በይግባኝ ነፃ ወጥተዋል።

በሌላ በኩል ትንሽ ንዝረት ሁሉ የትልቁ መልእክተኛ ነው ማለትም ስሕተት ነው። በቻይና ሃይቼንግ ከተማ በ1967 ዓ.ም. ዋናው መንቀጥቀጥ ከመድረሱ በፊት ትንንሾቹ በመብዛታቸው ሕዝቡ ከቤት እንዲወጣ ተደርጎ የብዙ ሰው ሕይወት ተርፏል። በዓመቱ በ1968 ዓ.ም. ታንግሻን የተባለችውን የዚያችው አገር ከተማ ያወደመው መንቀጥቀጥ ግን እንዲህ ያለ ግልጽ ምልክት ሳያሳይ መጥቶ ወደ 240 ሺህ የሚጠጋ ሰው ገድሏል። በሞሮኮዋ አጋዲር ደግሞ በየካቲት 1952 ዓ.ም. ቀላል ንዝረቶች ለቀናት ቢሰሙም ነዋሪው ብዙም ክብደት አልሰጣቸውም። የካቲት 21 ቀን ሌሊት የደረሰው ከ6 በታች የሆነ ንዝረት ከ12 ሺህ ያላነሱ ሰዎችን ሕይወት አጥፍቷል።

የመሬት መንቀጥቀጥ የሚደርስበትን ቀንና ሰዓት አስቀድሞ መናገር የሚችል መሣሪያ እስከ ዛሬ አልተገኘም። በመሆኑም በማኅበራዊ መገናኛዎች «ዛሬ ሌሊት በዚህ ሰዓት ይመጣል» እየተባለ የሚሠራጨው ወሬ መሠረት የለውም። ባለሙያዎች መናገር የሚችሉት አካባቢው ለአደጋ የተጋለጠ መሆን አለመሆኑን፣ እንዲሁም ሊደርስ የሚችለው ንዝረት በምን ያህል ደረጃ ሊሆን እንደሚችል ነው።

ጸሎትና ጥንቃቄ

በአገራችን የመሬት መንቀጥቀጥ ሲከሰት ከብዙው ሰው አንደበት የሚወጣው የመጀመሪያ ቃል «እግዚኦ» የሚለው ነው። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን በስቅለት ዕለት ምድር መናወጧን ከወንጌል ሲሰማ ያደገ ነው። ሙስሊሙም በቅዱስ ቁርዓን ስለ ምድር መንቀጥቀጥ የሚናገረውን ምዕራፍ ያውቃል። በመሆኑም ክስተቱን ከመለኮታዊ ተግሣጽ ጋር አያይዞ መመልከቱ ከሁለቱም ሃይማኖቶች ትምህርት ውጭ አይደለም።

ይህን አመለካከት እንደ ኋላ ቀርነት ቆጥሮ መንቀፍ አስፈላጊም ጠቃሚም አይደለም። ጸሎት ሰውን ያረጋጋል፤ ማኅበረሰቡንም በአንድ ሥፍራ ያሰባስባል። በገጠር ሕዝቡን በአጭር ጊዜ ሰብስቦ ለማነጋገር ከቤተ ክርስቲያን ዓውደ ምሕረት፣ ከመስጊድ፣ ከሰንበቴና ከእድር የተሻለ ቦታ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ችግር የሚፈጠረው «የመጣው ይምጣ» የሚለው አነጋገር የጥንቃቄ ምትክ ሆኖ ሲቀርብ ነው። ዝናብ በፈጣሪ ፈቃድ እንደሚዘንብ የሚያምን የጎጃም ገበሬ ክረምት ሳይገባ የቤቱን ክዳን ከመጠገን አይቦዝንም። በመሬት መንቀጥቀጥ ረገድም ሊኖር የሚገባው አስተሳሰብ ከዚህ የተለየ አይደለም።

«የእኛ አይደለም»

የምዕራብ ጎጃም ደጋ ከስምጥ ሸለቆው በስተምዕራብ ርቆ የሚገኝ በመሆኑ ለመሬት መንቀጥቀጥ ያለው ተጋላጭነት ከካራቆሬ ወይም ከአዋሽ ጋር የሚወዳደር አይደለም። በዚህ ረገድ የፍኖተ ሰላምና የቡሬ ነዋሪ ያለው መረጋጋት መሠረት አለው። ደጋው የቆመበት ዓለት ከ30 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት በፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ቅላጭ የተነጠፈ ነው። የጮቄ ተራራም ከ20 ሚሊዮን ዓመታት በፊት የተፈጠረ የእሳተ ገሞራ ተራራ ሲሆን ከጠፋ ዘመናት አልፈዋል።

ይሁንና የአካባቢው ምድር ፈጽሞ ያልተነካ አይደለም። ከቡሬ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ፣ በእንጅባራ አቅራቢያ የሚታየው ክቡ የዘንገና ሐይቅ የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ነው። ከጣና በስተደቡብ ያለው ሰፊ መሬትም በጂኦሎጂ አቆጣጠር ቅርብ በሚባል ጊዜ በወጣ ቅላጭ ዓለት የተሸፈነ ሲሆን፣ የጢስ ዓባይ ፏፏቴ የሚወርደው ከዚሁ ላይ ነው። እነዚህ ምልክቶች አደጋ ቀርቧል የሚያሰኙ ባይሆኑም «የእኛ አይደለም» ብሎ መዝጋት እንደማይገባ ያሳያሉ።

ከዋናው የአደጋ ቀጣና መራቅ ብቻውን ዋስትና እንደማይሆን ከሌላ አገር መማር ይቻላል። ጥቅምት 2 ቀን 1985 ዓ.ም. የግብፅ ርእሰ ከተማ ካይሮ መጠኑ 5.8 በሆነ ንዝረት ተመታች። በዓለም የመሬት መንቀጥቀጥ መዝገብ ይህ መጠን መካከለኛ ነው። ሆኖም ከ500 በላይ ሰዎች ሞቱ። አንዱ ምክንያት ያረጁና ያለ ደንብ የተሠሩ ቤቶች መደርመሳቸው ሲሆን፣ ሌላው ደግሞ በትምህርት ቤቶች በተፈጠረ ድንጋጤ ሕፃናት በደረጃ ላይ ተረጋግጠው መሞታቸው ነው። ካይሮ መሬት መንቀጥቀጥን የለመደች ከተማ አልነበረችም።

ለምዕራብ ጎጃም ይበልጥ የሚቀርበው ስጋት ግን የመሬት መንሸራተት ነው። ከጎሃ ጽዮን ወደ ደጀን የሚሻገረው የዓባይ በረሃ መንገድ በክረምት በሚናድ አፈርና ድንጋይ በተደጋጋሚ ሲቸገር የኖረ ነው። በዝናብ በራሰ ገደላማ መሬት ላይ ቀላል ንዝረት እንኳ ቢደርስ የሚናደውን ሊያፋጥን ይችላል። በአንኮበር በ1835 ዓ.ም. ኅዳር ወር ከከባድ ዝናብ ጋር የተያያዘ የመሬት ናዳ ቤቶችን ከነነዋሪዎቻቸው መጠራረጉን በወቅቱ በሸዋ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘንድ የነበሩ የውጭ መልእክተኞች ጽፈዋል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን የደረሰውና ከ200 በላይ ሰዎችን የቀጠፈው ናዳም ያለ መሬት መንቀጥቀጥ በዝናብ ብቻ የመጣ ነበር። ለፍኖተ ሰላም ነጋዴም ሆነ እህሉን ለገበያ ለሚያቀርበው የቡሬ ገበሬ የዓባይ በረሃ መንገድ መዘጋት የሩቅ አገር ጉዳይ አይደለም።

ጭቃ ቤትና ብሎኬት

ሰውን የሚገድለው በአብዛኛው የምድር መናወጥ ሳይሆን የሚደረመሰው ቤት ነው። በ2002 ዓ.ም. በአንድ ወር ተኩል ልዩነት የደረሱ ሁለት መንቀጥቀጦች ይህን በግልጽ አሳይተዋል። በሄይቲ መጠኑ 7.0 የሆነው ከ100 ሺህ እጅግ በላይ የሆነ ሕዝብ ሲፈጅ፣ በቺሊ መጠኑ 8.8 የሆነውና በኃይል በብዙ መቶ እጥፍ የሚበልጠው የገደለው ወደ 500 የሚጠጉ ሰዎችን ነው። ልዩነቱ በዋነኛነት የመጣው ቺሊ ለአሥርት ዓመታት ባስከበረችው የሕንፃ ደንብ ነው።

በዚህ ረገድ የጎጃም ገጠር ነባር ቤት ሊታሰብበት የሚገባ ብልሃት ይዟል። ምሰሶው ተተክሎ፣ ግድግዳው በማገር ተያይዞ፣ በልጥ ወይም በሚስማር ታስሮ በጭቃ የሚመረግ ቤት ሲናወጥ እንደ ቅርጫት ይወዛወዛል እንጂ በአንድ ጊዜ አይናድም። ምርጊቱ ቢራገፍም እንጨቱ ክዳኑን ይዞ ይቆያል። በአፋር አርብቶ አደሮች ዘንድ ከእንጨትና ከሰሌን የሚሠራው ጎጆም በቀላልነቱ ምክንያት ቢወድቅ እንኳ ሰው የመግደል ዕድሉ አነስተኛ ነው። በአንጻሩ በጭቃ ብቻ ተያይዞ የተገነባ የድንጋይ ግድግዳ ከባድና ተሰባሪ በመሆኑ የከፋ አደጋ ያስከትላል።

አሁን የኑሮ መሻሻል ምልክት ተደርጎ የሚታየው የብሎኬት ቤትና ፎቅ ነው። በቡሬ የተቀናጀ የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ መቋቋሙም ሆነ የፍኖተ ሰላም ከተማ የዞን ማዕከልነት ግንባታን ይጋብዛሉ። ግንባታው መስፋፋቱ መልካም ነው። ነገር ግን ብሎኬት ያለ ማሰሪያ ከተደረደረ ከጭቃ ቤቱ የከፋ ይሆናል። የአንድ ሕንፃ ጥንካሬ የሚወሰነው በቀለሙና በመስታወቱ ሳይሆን ዓይን በማያያቸው ነገሮች ነው። እነዚህም ኮለኑን ወገቡ ላይ የሚያስሩት ስታፋዎች በበቂ መጠን መቀራረባቸው፣ ፌሮው በመገናኛው ላይ በቂ ርዝመት ይዞ መተሳሰሩ፣ የአርማታው ሲሚንቶ አለመቀነሱና ውኃ ሳይጠማው መድረቁ፣ ግድግዳዎቹም ከላይ ዙሪያውን በአርማታ መታሰራቸው ናቸው። ለሱቅ ተብሎ የምድር ቤቱ ግድግዳ ሲወገድና ፎቁ በቀጫጭን ኮለኖች ላይ ብቻ ሲቀር ሕንፃው በእግሩ ይደክማል።

ኢትዮጵያ በዚህ ረገድ ደንብ የላትም ማለት አይቻልም። በ1987 ዓ.ም. የወጣው የግንባታ ደንብ ስለ መሬት መንቀጥቀጥ ራሱን የቻለ ክፍል ያለው ሲሆን፣ አገሪቱን እንደ ተጋላጭነቷ ከ0 እስከ 4 በሚደርሱ ቀጣናዎች ከፋፍሏል። ኋላ በተሻሻለው ካርታም አዲስ አበባ ከቀድሞው ከፍ ወዳለ ደረጃ ተዛውራለች። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001ም የከተማ አስተዳደሮች ፕላን መርምረው ፈቃድ እንዲሰጡና ግንባታውን እንዲቆጣጠሩ ኃላፊነት ሰጥቷል። ችግሩ በወረቀት ላይ ያለው ደንብ አርማታ በሚሞላበት ዕለት በቦታው አለመገኘቱ ነው። በፈቃዱ ላይ ከተጻፈው በላይ አንድ ፎቅ መጨመር፣ ስታፋ ማሳሳት፣ ባለሙያ ለመቅጠር የሚወጣውን ገንዘብ መቆጠብ በትናንሽ ከተሞች የተለመደ ፈተና ነው። ቁጠባው ዛሬ ቢያስደስትም ዕዳው ለልጅ የሚተርፍ ነው።

ንዝረትን በአግባቡ መልመድ

ንዝረትን በአግባቡ ለምዳለች የምትባለው አገር ጃፓን ናት። ጃፓናውያን የንዝረቱን ጥንካሬ በየሰፈራቸው ከ0 እስከ 7 በሚደርስ ደረጃ ወዲያው ይነገራቸዋል። ቀላል ከሆነ ሥራቸውን አያቋርጡም። ከ2000 ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶም ጠንካራው ሞገድ ከመድረሱ በፊት የጥቂት ሰከንዶች ማስጠንቀቂያ ለሕዝብ ይሰጣል። በነሐሴ 1915 ዓ.ም. ቶኪዮንና አካባቢዋን ያወደመውን መንቀጥቀጥ በሚያስታውሱበት ዕለት ደግሞ በየዓመቱ ትምህርት ቤቶችና መሥሪያ ቤቶች ልምምድ ያደርጋሉ። በመሆኑም የጃፓናዊው «ለምደነዋል» ቤቱ ተፈትኖ፣ ልጁም የሚያደርገውን ተምሮ የተገኘ መላመድ ነው።

በአገራችን ተመሳሳዩን ለመጀመር ከፍተኛ ገንዘብ የሚጠይቁ መሣሪያዎችን መጠበቅ አያስፈልግም። የፎቅ ነዋሪ ንዝረት ሲሰማ ወደ ደረጃ ከመሮጥና በአሳንሰር ከመጠቀም ተቆጥቦ፣ ከመስታወትና ሊወድቅ ከሚችል ቁም ሣጥን ርቆ፣ በጠንካራ ጠረጴዛ ሥር ራሱን ከልሎ ንዝረቱ እስኪያልፍ መቆየት እንዳለበት ማወቅ ይችላል። በምድር ቤት በር አጠገብ ያለ ሰው ወደ ሜዳ ወጥቶ ከግድግዳና ከኤሌክትሪክ ምሰሶ መራቅ ይጠበቅበታል። ንዝረቱ ሲያበቃ እሳትን ማጥፋት፣ ኮለንና ግድግዳ ላይ አዲስ ስንጥቅ መኖሩን መመልከት፣ በተለይ ስንጥቁ ሰያፍ ከሆነ ወይም በኮለን ላይ ከታየ ባለሙያ ሳያየው አለመግባት ይገባል። እነዚህን በክፍል ውስጥ ለማስተማር የሚፈጀው ከአንድ ክፍለ ጊዜ አይበልጥም።

በኅዳር 2018 ዓ.ም. በአፋር የሃይሊ ጉቢ እሳተ ገሞራ ሳይታሰብ ፈንድቶ አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ እስከ ሕንድ መድረሱ፣ በስምጥ ሸለቆው ሥር ያለው እንቅስቃሴ ያላበቃ መሆኑን በድጋሚ አሳስቧል። የአዋሽ ፈንታሌው ንዝረት ጋብ ማለቱም ጉዳዩን ለመዘንጋት ምክንያት ሊሆን አይገባም። አበው «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንደሚሉት ከአደጋ በኋላ የሚነሣ ጩኸት ለሟች አይደርስም።

ትንሹ ንዝረት የፍጻሜ ዘመን አዋጅም፣ የትልቁ ማስተንፈሻም አይደለም። ከሁሉ በላይ ጠቃሚ የሚሆነው እንደ ነፃ ፍተሻ ሲቆጠር ነው። የትኛው ግድግዳ እንደተሰነጠቀ፣ የትኛው ደረጃ እንደጠበበ፣ የትኛው ትምህርት ቤት መውጫ እንደሌለው ሰው ሳይሞት ያሳያል። በሰሜን ሸዋ ዳርቻ ላለው ነዋሪ ይህ ፍተሻ በየጊዜው ይመጣል። ለፍኖተ ሰላምና ለቡሬ ነዋሪ ግን እምብዛም ስለማይመጣ፣ ፍተሻውን ራሱ መሠረት በሚጣልበትና አርማታ በሚሞላበት ዕለት ማካሄድ ይኖርበታል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው የአበው ምክር ለዚህም ይሠራል።